ቀንድ አውጣውን ያየው ዓይን

(በአንድ የመጻሕፍት ወዳጆች ስብሰባ ላይ ስለ ኪነ ጥበብ፣ ስለ መጽሐፍና ስለ ሳይንስ ፈጠራ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ።)



የጋበዙኝ ወንድሞች ርዕሱን ሲሰጡኝ «ስለ ፈጠራ ተናገርልን፤ ብቻ አደራህን ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገባ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ከወዲሁ አንድ ነገር ላሳስብ። እኔ ወደ ፖለቲካ ላልሄድ እችላለሁ፤ ፖለቲካ ግን ወደ ኪነ ጥበብ ሳይጋበዝ የሚመጣ እንግዳ ነው። መጥቶም ወንበር እስኪሰጡት አይጠብቅም፤ በቀጥታ አልጋው ላይ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ከመጣ የጠራሁት እኔ አይደለሁም።

በሀገራችን ስለ ፈጠራ ሲወራ ሁለት ዓይነት ንግግር ለምደናል። አንደኛው የፉከራ ነው። አክሱምን ያቆምን፣ ላሊበላን የፈለፈልን፣ የራሳችን ፊደል ያለን ይባልና ጭብጨባ ይከተላል። ሁለተኛው የለቅሶ ነው። «እኛ እኮ መርፌ እንኳ አልሠራንም» ይባልና ከንፈር ይመጠጣል። ፉካሪውና አልቃሹ የማይተዋወቁ ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ዝርዝር አይወዱም። ማን? መቼ? የት? እንዴት? ብሎ የጠየቃቸውን ሰው ይቆጡታል።

እኔ ዛሬ ፉከራውንም ለቅሶውንም ትቼ አንድ ታሪክ በዝርዝር ልነግራችሁ ነው። ታሪኩ ስለ ቀንድ አውጣ ነው። አትሳቁ፤ ስለ ቀንድ አውጣ ነው።

ከዓድዋ ወንዝ ዳር

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አክሊሉ ለማ የሚባሉ፣ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣት የሳይንስ ሰው ቢልሃርዝያ ስለሚባለው በሽታ ሊያጠኑ ዓድዋ ይወርዳሉ።

ቢልሃርዝያን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይፈለፈላል። ታዲያ ወዲያው ሰው ላይ አይወጣም፤ መጀመሪያ ማደሪያ ይፈልጋል። ማደሪያው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ፣ ተራብቶ፣ በሺህ እየተቆጠረ ይወጣና ውሃ ውስጥ እግሩን የነከረ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይጠብቃል። ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዓመታት እየወሰደ አንጀትን፣ ጉበትን ወይም ፊኛን ይጎዳል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። የከተማ ልጆች እንዶድን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት በእሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከአጣቢዎቹ በታች ያለውን ውሃ ሲመለከቱ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰበሰቡና ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ነገሩ ይኸው ነው። መሣሪያ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ፣ በጀት የለ። አንድ ዕቃ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ዓይን።

በዚያ ወንዝ ዳር እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሰው አልፎ ይሆን? ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ቄሱ፣ ተማሪው፣ ግብር ሰብሳቢው። ሁሉም ዓይን ነበረው። የሞተ ቀንድ አውጣ ማየት ግን ማንን ይጠቅማል ብለው አለፉት። እኔ ፈጠራ የምለው ይኼንን ነው፤ ሁሉም ያለፈበት ቦታ ላይ መቆምን። ሠዓሊም ደራሲም የሚሠራው ይኼንኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ስለ አዲስ ዓለም አልጻፉም። ባላባቱን፣ ጭሰኛውን፣ የቆሎ ተማሪውን ሁሉም ያውቀዋል። ግን ማንም እንደዚያ አድርጎ አላየውም ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ በደንብ የሚያየው ሰው ማን ነው? ጉዱ ካሳ ነው። ሰፈሩ ምን ይለዋል? እብድ! እንግዲህ በሀገራችን ባዕድ አገር ያለውን ያየ ሰው ሊቅ ይባላል፤ ደጃፉ ላይ ያለውን ያየ እብድ ይባላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት የወጣው ያለ ነገር አይደለም።

ያወቁትና ያየው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ እናንተም ሳታነሱት አትቀሩም። ግኝቱ የማን ነው? የዶክተሩ ወይስ የሴቶቹ?

ሴቶቹ እንዶድን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የትኛው ፍሬ መቼ እንደሚለቀም፣ ምን ያህል እንደሚወቀጥ፣ ለየትኛው ልብስ ምን ያህል እንደሚበቃ ያውቃሉ። ይኼ ዕውቀት ነው፤ ተራ ልማድ አይደለም። ዶክተሩ ደግሞ የትሉን ጉዞ ያውቃሉ። ቀንድ አውጣ ሞተ ማለት ልጅ ዳነ ማለት ሊሆን እንደሚችል የገባቸው በዚያ ምክንያት ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ነገሩ የለም። ሴቶቹ ብቻ ቢሆኑ ልብሱ ይነጣል፣ ልጁ ይታመማል። ዶክተሩ ብቻ ቢሆኑ እንዶዱን ማን ያመጣላቸዋል?

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የዶክተሩን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲያንሳቸው ነው። አረፋውን ዕቃው ውስጥ የጨመረችው ሴት ስም ግን በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም። እኛ እጅን የምንንቅ ሕዝብ ነን። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ የኖርን ነን። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ የቱን ያህል ሥር ሰዶ ቢያዩት ነው? አዋጁ ተነገረ። ስድቡስ ቀረ? እናንተው ፍረዱ። ባለ እጁን «ቡዳ» እያለ ከማዕድ የሚያርቅ ኅብረተሰብ ፈጣሪ አጣሁ ብሎ ቢያለቅስ ማን ያዝንለታል?

ማኅተሙ ከውጭ ካልመጣ

ታሪኩን እንቀጥል። ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱና የፓቶባዮሎጂን የምርምር ተቋም አቋቁመው ሥራውን ገፉበት። ያ ተቋም በኋላ በስማቸው ተሰይሟል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በውጭ አገር ላቦራቶሪ ተለይቶ ሲወጣ «ለማቶክሲን» ተባለ፤ ከአባታቸው ስም ነው። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያወዳደሩ የበለጠ ኃይል ያለውን ለዩ፤ «ዓይነት 44» ይባላል። ዓድዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በወንዞቹ ውስጥ እንዶድ እየተጨመረ በተደረገው ሙከራ ከትናንሽ ልጆች መካከል በቢልሃርዝያ የተያዙት ከመቶ 50 የነበሩት ከመቶ ወደ 7 ወረዱ።

ከሃምሳ ወደ ሰባት! ይኼን የመሰለ ውጤት ይዞ የመጣ ሰው ምን ይደረግለታል? «እስቲ ይጣራ» ተባለ።

ሚዛን እንዳላጓድል። ማጣራት ተገቢ ነው። ሰውና ከብት የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ስንትና ስንት ጊዜ ቢመረመር አይበዛበትም። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ጥንቃቄው ትክክል ነው። የዶክተር አክሊሉ ቅሬታ ግን ለምን ተመረመረ አልነበረም። ቅሬታቸው አፍሪካዊ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የሠራው ምርምር ባሕር ማዶ ካልተደገመ እንደ ምርምር አይቆጠርም የሚል ነበር። ለመድገም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን የያዘው ደግሞ «ድገሙት» የሚለው ክፍል ነው። በዚህ መሀል ዓመታት ነጎዱ። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚያገለግለው የፋብሪካ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ እንዶድ ደግሞ በአጥር ላይ የሚበቅል ነው።

«ይኼ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም» የሚለኝ ሊኖር ይችላል። እውነት ነው። ፍሌሚንግ የሻገተ ሳህኑ ላይ ፔኒሲሊንን ያየው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ፍሎሪና ቼይን ወደ መድኃኒትነት የለወጡት ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። ነገር ግን እሱን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አፋጠነው፤ ቁስለኛ ወታደር የነበራቸው ኃያላን መንግሥታት ፋብሪካቸውን አሰለፉለት፤ በ1945 ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ። ቢልሃርዝያ የሚይዘው ግን የኃያላኑን ወታደር አይደለም። የሚይዘው በባዶ እግሩ ወንዝ የሚሻገር የድኻ ልጅ ነው። ለእሱ ማን ይቸኩላል?

ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን፣ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ስዊድን ላይ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ወንዙ ዳር ከቆሙ ከ25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ የአዝርዕት ዘር ጠባቂው ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል። ባንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን! ለመሆኑ የዚያን ዓመት የኳስ ውጤት ከምታስታውሱት ይልቅ ይኼንን የምታስታውሱ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፤ ለራሳችሁ መልሱ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። ዛሬ በቢልሃርዝያ ላይ ዋናው መሣሪያ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ነው። ክኒኑ ሰውየውን ያድናል፤ ሰውየው ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ግን እንደገና ሊያዝ ይችላል። ቀንድ አውጣው እዚያው ነዋ!

የተጻፈለት ይወርሳል

የእንዶድ ጉዞ እዚህ አላበቃም። አሜሪካ ውስጥ በታላላቆቹ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት የውሃ ፍጥረት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ተዛመተና የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። ዶክተር አክሊሉ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ ከዚያው ባለሙያዎች ጋር እንዶድን ሞከሩበት፤ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1993 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለትም ፓተንት ተሰጠ። ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ የዶክተሩ ስም ሰፍሯል። የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ሌባ! ብለን ብንጮህ ይቀለን ነበር። ሕጉን ስታዩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕግ የሚያውቀው የተጻፈውን፣ ቀን የተቆረጠለትን፣ የተመዘገበውን ነው። የአያቴ ወቀጣ በየትኛውም መዝገብ የለም።

ጤፍንም አስታውሱ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመንግሥታችን ጋር በጤፍ ዘር ላይ ስምምነት ተፈራረመ። በ2007 ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ዞሮ ኖረ። በመጨረሻ በ2018 ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በዚያ አገር ያለውን ፓተንት ሰረዘው፤ ምንም አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ። ታዲያ ተሟግተን ያሰረዝነው እኛ እንዳይመስላችሁ። ክርክሩ በሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች መካከል ነበር። የእኛን ጤፍ ከፓተንት ነፃ ያወጣው የአምስተርዳም እንጀራ ጋጋሪ አይደለም፤ የእነሱው የዱቄት ንግድ ጠብ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶች። አባቶቻችን ይኼን ተናግረው ሲያበቁ ደግሞ ዞር ብለው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ሁለተኛው ተረት የመጀመሪያውን በላው። መድኃኒት አዋቂው ሥሩን በሌሊት ቆፍሮ፣ ቅጠሉን በጨርቅ ሸፍኖ ይመጣል። ለልጁም አይነግርም። ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ፈርቶ ነው፤ እንጀራው ነው፤ ሊፈረድበት አይገባም ይባላል። እሺ፤ አልፈርድበትም። የተቀበረው ግን ያው ተቀበረ።

ኦስትሪያ ግዛት ውስጥ ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ነበር። የአተር ዘር እያዳቀለ የውርስን ሕግ አገኘ፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1866 ታተመ። ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሜንዴል ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1900 ሌሎች ሰዎች በራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰው ወደኋላ ሲያገላብጡ መነኩሴው ቀድሟቸው አገኙት። 34 ዓመት ያዳነው ምንድን ነው? ወረቀት ነው። መጽሔቱ መደርደሪያ ላይ ነበረ።

የእኛም መደርደሪያ ባዶ አይደለም፤ ተራቁቶ ነው እንጂ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከወሰዱት ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ቀሪውን ለማትረፍ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ይነሱ ጀመር፤ 9,000 ያህል ተነሱ። ካታሎጋቸውን ካዘጋጁት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖሩት። ሚኔሶታ ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ብራና ገጽ በገጽ እያነበቡ መዘገቡ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ሰጧቸው። እኛ የሰጠናቸው ጥይት ነው። በ2021 አረፉ።

ያየ ሰው ምን ይደረጋል?

ይኸው ያልጠራሁት እንግዳ መጣ። አደራ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ኤርትራ ውስጥ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ አየ። ሌሎቹም ባለሥልጣኖች ያየውን አይተዋል፤ ሪፖርት ጻፉበት። እሱ ልብ ወለድ ጻፈበት። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አልታወቀም።

መጽሐፉስ? መጽሐፉ አልሞተም። በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የተከለከለ ስለሆነ የማያነበውም አነበበው። የከለከሉት ሰዎች በ1983 ዓ.ም. ሲወድቁ እሱ እንደገና ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ዓለም እጅ ገባ። ሳንሱር አድራጊዎቹ ስማቸው እንኳ ከተረሳ ስንት ጊዜው ነው! ግን ተጽናንተን እንዳንቀር። መጽሐፍ ተረፈ ማለት ሰው ተረፈ ማለት አይደለም። በዓሉ ያን ጊዜ ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊጽፋቸው የነበሩትን መጻሕፍት ማን ያሳትማቸዋል? እሱን አይተው ብዕራቸውን የሰቀሉትንስ ማን ይቆጥራቸዋል? አምባገነን የሚያጠፋው የተጻፈውን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር።

ይኼ የደራሲ ዕጣ ብቻ ነው፣ ሳይንቲስት ፖለቲካ አይነካውም የምትሉ ካላችሁ ኒኮላይ ቫቪሎቭን ላስታውሳችሁ። ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሀገራችን መጥቶ በበቅሎ እየዞረ ከየማሳው ስንዴና ገብስ ሰበሰበ። እኛ ተራ እህል ያልነውን አይቶ ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ካሉት የአዝርዕት መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ይኸውላችሁ ሌላው ዓይን። የስታሊን መንግሥት ግን ሊሴንኮ የሚባል አጎብዳጅ መረጠ። ሊሴንኮ የሜንዴልን ሕግ የቡርዧ ተረት ነው አለ፤ ካድሬው አጨበጨበ። ቫቪሎቭ አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ታሰረ፤ በ1943 ሳራቶቭ ወህኒ ቤት ውስጥ ሞተ። ዓለምን ከረሃብ ሊያድን ዘር የሰበሰበ ሰው በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ ደግሞ ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ የእህል ክምር መሀል ተቀምጠው ዘሩን አንበላም ብለው በረሃብ ሞቱ።

እንግዲህ ቀንድ አውጣ፣ ስንዴ፣ ልብ ወለድ፤ የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ። የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ያየውን እንዳየው መናገር ይችላል ወይ? ካድሬ «ቀንድ አውጣው አልሞተም በል» ሲለው አዎ አልሞተም የሚል ሰው ሳይንቲስትም ደራሲም አይሆንም። ሹመት ግን አያጣም።

ሐያሲስ የት ነው?

መቼም ሁሉን በመንግሥት ላይ ጭኜ ብወርድ ደስ ይላችኋል፤ ታጨበጭባላችሁ። አልወርድም። የእኛም የሙያ ነገር አለ።

የመጽሐፍ ምርቃት ላይ ተገኝታችሁ ታውቁ የለ? ሦስት ሰው በንግግር ያወድሳል፣ አንድ ሰው በግጥም ያወድሳል፣ አንዱ በማሲንቆ ያወድሳል። ደራሲው አመስግኖ ዕንባ ይቀድመዋል። ኬክ ይቆረሳል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ ተፈልጎ ይጠፋል። በሌላ ወገን ደግሞ «ሒስ» በሚል ስም የሚመጣው ነገር ስድብ ነው፤ የደራሲው ዘር ይቆጠራል፣ ወዳጁ ይቆጠራል፣ መጽሐፉ ሳይገለጥ ይፈረድበታል። ወይ ኬክ ወይ ድንጋይ። በመሀል ምንም የለም።

የሐያሲ ሥራ ዶክተር አክሊሉ ወንዙ ዳር ያደረጉት ነው። ወደ ታች አየት፣ ወደ ላይ አየት ማድረግ። የሞተውንና ያልሞተውን መለየት። ዕቃ ውስጥ አስገብቶ መሞከር። ከዚያ ውጤቱ ወዳጅን ቢያስከፋም ጠላትን ቢያስደስትም መጻፍ። ይኼን የሚያደርግ ሐያሲ ከሌለ ጥሩው መጽሐፍ ከመጥፎው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ጥሩ መሆኑን የምናውቀው ፈረንጅ ሲተረጉመው ነው። ያኔ ደግሞ «የእኛ ነው» ብለን እንፎክራለን። ፉከራውና ለቅሶው ከየት እንደሚመጡ አያችሁ?

ልጨርስ። ከባለሥልጣኖች የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽልማቱ ይቅር፣ ሐውልቱ ይቅር፣ «የኪነ ጥበብ ቀን» እያሉ ከበሮ መምታቱም ይቅር። መጽሐፍ አትልቀሙ፣ ጸሐፊ አትሰሩ፣ ጋዜጣ አትዝጉ። ሌላውን እኛ እንችለዋለን።

ከእናንተ ደግሞ የምለምነው ከዚያ ይቀላል። እያንዳንዳችሁ ቤት አንድ አዛውንት አሉ። ሽመና የሚያውቁ፣ ጠላ የሚጠምቁ፣ ብራና የሚዳምጡ፣ ቅጠል የሚለዩ፣ ተረት የሚያወሩ። ሃምሳ ገጽ ደብተር ግዙ። ጠይቋቸውና ጻፉ። የነገሩን ስም ብቻ ሳይሆን የነገሯችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳተውን ያርሙላችሁ። አንድ ቅጂ ለልጃችሁ፣ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ስጡ። ስሟን ያልያዝንላት የዓድዋዋ አጣቢ ሴት አንድ ትበቃናለች።